ከሀጂ ግቢ የወጣችው መርሰዲስ፦ አሮጌ የቤት መኪና ለአረጋውያን ማህበር ሲሰጥ የገጠመን (የጉዳይ ጥናት)

ይሄን የምጽፈው ደሴ ውስጥ ባለ አንድ አነስተኛ የአረጋውያን መርጃ ማህበር የቦርድ ጸሐፊ ሆኜ ሳገለግል በእጄ ያለፈ ጉዳይ ስለሆነ ነው። የሰዎቹንም የማህበሩንም ስም ትቼዋለሁ፣ ቤተሰቡ አንብቦ ፈቅዷል፣ ብሮቹ ከሂሳብ መዝገባችን ላይ የወሰድኳቸው ናቸው። መኪና ለእርዳታ መስጠት የሚያስብ ሰውም፣ መኪና ሊሰጠኝ ነው ብሎ ደስ ያለው ማህበርም ቢያነበው እኛ አንድ ዓመት የፈጀብንን ነገር በሁለት ወር ይጨርሰዋል ብዬ አምናለሁ።

ሰውየውና መኪናዋ

ሟቹ ሰኞ ገበያ አካባቢ የታወቁ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፣ ሁሉም ሀጂ ነው የሚላቸው፣ እኔም እዚህ ሀጂ እያልኩ እቀጥላለሁ። መኪናዋ በፈረንጅ 1990 የተሰራች መርሰዲስ 230ኢ ናት፣ መካኒኮች መቶ ሃያ አራት የሚሉት ቦዲ። ፋብሪካው ይሄን ቦዲ ከ1984 እስከ ዘጠናዎቹ አጋማሽ (በፈረንጅ) ነው የሰራው፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ስለወጣ እስከዛሬ መለዋወጫ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። ሞተሯ ባለ 4 ሲሊንደር፣ 2.3 ሊትር፣ ቤንዚን፣ በኋላ ጎማ የምትነዳ፣ ካምቢዮዋ ማንዋል።

ሀጂ ይቺን መኪና ለራሳቸው ብቻ አልነዷትም። በሰፈሩ ሰርግ ሲኖር ሙስሊም ነው ክርስቲያን ነው ሳይሉ ቁልፉን ይሰጣሉ፣ ቤንዚኑንም ሞልተው። ስንቱ ሙሽራ በሷ ነው የወጣው። ለዛ ነው በኋላ ልጆቹ መኪናዋን እንደ ዕቃ ማየት ያቃታቸው፣ ይሄን ሳይረዱ ቀጥሎ የሆነውን መረዳት ይከብዳል።

ሀጂ በ2013 አረፉ። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆመች። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ቤተሰቡ ወደ አዲስ አበባ ወጣ፣ ትልቁ ልጅ ከመሄዱ በፊት ባትሪዋን ፈታ፣ ሁለት ጎማዋን አውልቆ ደበቀ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተማዋ ነጻ ወጥታ ሲመለሱ ቤቱ ተበርብሯል፣ መኪናዋ ግን በድንጋይ ላይ እንደቆመች አገኟት። በ2015 ረመዳን ላይ ታዲያ ልጆቹ ተማከሩና ለአባታችን ሰደቀቱል ጃሪያ (ሰው ከሞተ በኋላም ምንዳው የማይቋረጥ ምጽዋት) ትሁንላቸው ብለው ለማህበራችን ሰጡን።

የኛ ችግር ምን ነበር

በዛን ጊዜ 34 አረጋውያን ነበሩን። በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ሆስፒታል የሚሄድ ሰው አለ፣ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የዓይን ሞራ፣ ስትሮክ መቶት ፊዚዮቴራፒ የሚከታተል። የምንጠቀመው ኮንትራት ባጃጅ ነበር። ማታ ላይ ሰው ሲታመምብን ባጃጅ ማግኘት ስለሚከብድ ሁሌ ጭንቅ ነው፣ ስለዚህ መኪና ሲባል ሁላችንም ሌላ ነገር ሳናስብ እሺ አልን። ቁልፉን በዱአ ተረከብን፣ ፎቶ ተነሳን፣ አረጋውያኑ እልል አሉ። ሊብሬውን (የመኪናዋን የባለቤትነት ደብተር) ያየው ሰው የለም። ጸሐፊው እኔ ነበርኩ፣ ማየት የነበረብኝም እኔ ነኝ።

መጀመሪያ የመጣው፦ መኪናዋ ራሷ

ሁለት ዓመት የቆመች መኪና ባትሪ ቀይሮ የሚነሳ መስሎን ነበር። ቤንዚኑ ታንኩ ውስጥ ተበላሽቶ ዝቃጭ ሆኗል። የዚች መኪና ቤንዚን የሚረጨው ሲስተም ደግሞ ካርቡሬተር አይደለም፣ እንደ አሁኖቹም ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የሚሰራ አይደለም፣ ቦሽ የሰራው ኬኢ ጄትሮኒክ የሚባል ግማሹ ሜካኒካል ግማሹ ኤሌክትሪክ ነው፣ ቤንዚኑን ለአራቱ ሲሊንደር የሚያከፋፍለው ክፍል ውስጥ ያለችው ቀጭን ፒስተን በዝቃጭ ከተያዘች መኪናው ወይ አይነሳም ወይ ተነስቶ ይንቀጠቀጣል። የመጀመሪያው ጋራዥ ካንዴላና ፓምፕ ቀየረ፣ አልሆነም፣ ከዛ ሲስተሙን አውጥተን ካርቡሬተር እንግጠምላችሁ አለን። እንኳንም አላደረግነው፣ ኋላ ስትሸጥ ዋጋዋን የጠበቀላት አንዱ ነገር ያ ሲስተም እንዳለ መኖሩ ነው። ሁለተኛው ጋራዥ ፈትቶ ገጠመና ጠዋት በብርድ የማትነሳ መኪና አስረከበን። በመጨረሻ ኮምቦልቻ ውስጥ ያሉ አንድ አዛውንት መካኒክ ታንኩን አውርደው አጠቡ፣ የቤንዚን መስመሩን አጸዱ፣ ፊልትሮውን ቀየሩ፣ ያቺን ማከፋፈያ ፈተው በትዕግስት አጸዱ፣ ተነሳች።

ከኮምቦልቻ ስንመለስ ሐረጎ ዳገት ላይ ሙቀት ቆጣሪዋ ወጣ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ በ25 ኪሎሜትር ውስጥ ያን ያህል ዳገት ጠመዝማዛ መንገድ ነው፣ አየሩም እየሳሳ ስለሚሄድ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል። ራዲያተሩ በከፊል ተደፍኖ ነበር። እሱም ተሰራ። ጥገናው ብቻ 86 ሺህ ብር ወጣበት፣ ሁለት ጎማ፣ ዘይትና የሦስት ወር ቤንዚን ሲደመር 112 ሺህ ብር።

ከዚህ በላይ ያስተማረኝ ግን አጠቃቀሙ ነው። የቤት መኪና ወንበሩ ዝቅ ያለ ነው፣ የመርሰዲስ ደግሞ ወደ ውስጥ ገባ ያለ። ጉልበታቸው የማይታጠፍ፣ ዳሌያቸው የተሰበረ ሰዎችን እዛ ውስጥ ለማስገባት ሁለት ሰው፣ ለማውጣት ሦስት ሰው ያስፈልጋል። አንዲት እናታችን ከሆስፒታል ሲመለሱ፣ "ልጄ፣ ባጃጇ ትሻለኛለች፣ እሷ ላይ ቁጭ ነው የምለው፣ እዚች ውስጥ ግን ወድቄ ነው የምገባው" አሉኝ። ሌላው፣ ግቢያችን ያለው ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ጠባብ ኮብልስቶን መንገድ ላይ ነው፣ መኪናዋ ሆዷ ዝቅ ስለሚል አስፋልቱ ዳር እየቆመች አረጋውያኑን በወንበር ተሸክመን እናደርሳለን። በሦስት ወር 41 ጊዜ ወጣች። ያንኑ 41 ጊዜ በኮንትራት ባጃጅ ብንሄድ በወቅቱ ዋጋ 12 ሺህ ብር ቢሆን ነው። ይሄን ቁጥር ቦርዱ ፊት ሳስቀምጥ ክፍሉ ውስጥ ዝም ነው የተባለው።

ሁለተኛው፦ ወረቀቱ

በአራተኛው ወር ትራፊክ አስቆመን። ሊብሬው በሟች ስም ነው፣ የዓመቱ ቦሎ የለም፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱም ጊዜው አልፏል። በአዋጅ 799/2005 መሰረት የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው መኪና መንገድ ላይ መውጣት አይችልም፣ እኛ ግን ሦስት ወር ሙሉ በሽተኛ ጭነን ስንነዳ ነበር። ተቀጣን፣ መኪናዋም ተያዘች። ቅጣቱ አይደለም ያስደነገጠኝ። በነዛ 41 ጉዞዎች አንድ ልጅ ብንገጭ የማን መኪና ነው፣ ማን ይክሳል፣ ማን ይጠየቃል የሚለውን ሳስብ ሌሊት እንቅልፍ አልወስድ አለኝ።

ስም ለማዛወር ውልና ማስረጃ ስንሄድ የተነገረን ቀላል ነው፣ ሰጪው በሕይወት የለም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ወራሾቹ በፍርድ ቤት ይረጋገጡ። ቤተሰቡ ሁሉም ተስማምቶ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሄደ (ሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚያየው ተከራካሪዎቹ ፈቅደው ሲመጡ ነው)፣ ወራሾች ሚስት፣ ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት ልጆች ተብሎ ማረጋገጫ ወጣ። እዚህ ላይ ነው ያላሰብነው ሁሉ አንድ ላይ የመጣው። አንዷ ልጅ ጅዳ ናት። ትንሹ ወንድ ልጅ ደግሞ የ11 ዓመት ልጅ ነው።

ሦስተኛው፦ የየቲም ድርሻ

ረመዳን ላይ መኪናዋን ሲሰጡን ትንሹ ልጅ ቁልፉን ይዞ ፎቶ ተነስቷል፣ ሁላችንም እሱም ሰጠ ብለን ነበር የያዝነው። ግን የ11 ዓመት ልጅ መስጠት አይችልም። እናቱም በሱ ስም መስጠት አትችልም፣ በቤተሰብ ሕጉ ሞግዚት የልጁን ንብረት በስጦታ ማስተላለፍ አይችልም፣ እንደ አካባቢው ልማድ ከሚሰጥ ትንሽ ነገር በስተቀር። የሰፈሩ ሼህ ይሄን ከጠበቃው በፊት ነው የነገሩን፣ የየቲም (አባቱ የሞተበት ሕጻን) ገንዘብ ነው፣ በሰደቃ ስምም ቢሆን አይነካም ብለው።

በሸሪዓው ክፍፍል ሚስት አንድ ስምንተኛ ትወስዳለች፣ የቀረው ለልጆቹ ወንድ ሁለት ሴት አንድ እየተባለ ይከፈላል። የትንሹ ልጅ ድርሻ 7/24 ይመጣል። መኪና ደግሞ 7/24ኛው ተቆርጦ አይቀመጥም። ወይ ሌሎቹ ወራሾች የሱን ድርሻ በብር ይከፍሉታል፣ ወይ ትሸጣለች።

ሀጂ በሕይወት እያሉ ይቺ መኪና ለእገሌ ማህበር ትሁን ብለው ተናዘው ቢሆን ኖሮ ይሄ ጣጣ አይመጣም ነበር፣ ወራሽ ላልሆነ ሰው እስከ ንብረታቸው ሲሶ ድረስ መናዘዝ ይችሉ ነበርና፣ ያ ቀድሞ ይወጣና የቀረው ነው የሚከፋፈለው። ወይ ደግሞ ጤነኛ እያሉ ራሳቸው ውልና ማስረጃ ሄደው ቢሰጡ በአንድ ቀን ያልቅ ነበር።

ያደረግነው

ቤተሰቡ ቤት ቡና ተፈልቶ ሼሁ፣ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች፣ እትዬ የምንላት የማህበራችን ስራ አስኪያጅ እና እኔ ተቀመጥን። ትልቁ ልጅ መሸጥን አልፈለገም፣ "አባቴ ስማቸው የሚነሳው በሷ ነው፣ ሸጠን ብር ካደረግናትማ ምኑ ተሰጠ" አለ፣ እውነቱን ነው፣ ሲናገርም ድምጹ ተቆራርጦ ነበር። እኔ የ41 ጉዞዎቹን መዝገብ አነበብኩለት። እትዬ ደግሞ ያቺ እናታችን ስለ ባጃጇ ያሉትን ነገረችው። ሼሁ፣ "ልጄ፣ ሀጂ ቁልፉን ለሙሽራ ሲሰጡ መኪናዋን ለማሳየት ነበር ወይስ ሰውየውን ለማድረስ?" ብለው ጠየቁት። ወዲያው አልመለሰም። በሳምንቱ ደውሎ እሺ አለ።

የተስማማነው እንዲህ ነው። ወራሾቹ መኪናዋን መጀመሪያ በማህበሩ ስም ሳያዛውሩ በቀጥታ ለገዢ ይሸጣሉ፣ ከብሩ የትንሹ ልጅ 7/24 በስሙ ባንክ ይገባል፣ የቀረውን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ድርሻ ለማህበሩ ይሰጣሉ። ወደ ማህበሩ አዙሮ ከዛ መሸጥ ሁለት ጊዜ ስም ማዛወር፣ ሁለት ጊዜ ወጪ ነው።

ረጅሙን ጊዜ የበላው የጅዳዋ ልጅ ውክልና ነው። የመጀመሪያው ውክልና ቆንስላ ጽ/ቤት ተሰርቶ፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ደሴ ድረስ መጣና ተመለሰ፣ "ንብረቴን እንዲያስተዳድርልኝ" ነው የሚለው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን በጠቅላላ ቃል የተሰጠ ውክልና የማስተዳደር ስራ ብቻ ነው የሚያሰራው፣ ለመሸጥም ለመስጠትም ልዩ ውክልና ይፈልጋል። ልጅቷ ሰው ቤት ተቀጥራ ነው የምትሰራው፣ ለሁለተኛ ጊዜ ፈቃድ ጠይቃ ቆንስላ መሄድ ነበረባት። እኛ መጀመሪያውኑ ሁለት መስመር ጽፈን ብንልክላት ያ ሁሉ እንግልት አይደርስባትም ነበር፣ እስካሁን ይቆጨኛል። በሁለተኛው ላይ የሰሌዳ ቁጥሩን፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን፣ "ለመሸጥ፣ ድርሻዬን ለእርዳታ ለመስጠት" የሚለውን በግልጽ አስጻፍን። ሁለቱ ውክልናዎች ባንድ ላይ ከአራት ወር በላይ ፈጁ።

ሽያጩ

ደሴ ያሉ ደላሎች 420 ሺህ ነበር ያሉን፣ መኪናዋ ተይዛ እንደነበር ስላወቁ የቸገረን መስሏቸው ነው። በ2016 መጀመሪያ ላይ ክልላችን ውስጥ ሞባይል ዳታ ስለተዘጋ ፎቶ መላክ እንኳን አይቻልም፣ ፎቶዎቹን በፍላሽ አድርገን መንገድ ሲከፈት ለመንገደኛ ሰጥተን አዲስ አበባ ላለው የሚስትየው ወንድም ላክን። እሱ ነው እንደዚህ አይነት መርሰዲስ የሚሰበስብ ሰው ያገኘው። ገዢው ደሴ ድረስ መጥቶ አየ፣ የወደደው ቀለሙ ያልተነካ መሆኑን፣ የቤንዚን ሲስተሙ የፋብሪካው መሆኑንና ሀጂ ከገዙበት ቀን ጀምሮ ያስቀመጡትን ወረቀት ነው፣ ቀረጥ የተከፈለበት ዲክላራሲዮን ሳይቀር አለ። ዘመኑም ረድቶናል፣ በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን በጣም አስወድዶታል፣ በ2016 ጥር ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት እንደታገደ ተነገረ፣ ስለዚህ አገር ውስጥ ያለችው አሮጌ መኪና ዋጋዋን ያዘች። 710 ሺህ ብር ተሸጠች።

ከዛ ላይ የደላላ 14,200 ብር ወጣ፣ ቀሪ 695,800። የትንሹ ልጅ 202,942 ብር በስሙ ገባ። ለማህበሩ 492,858 ብር ደረሰን። ቤተሰቡ ለጥገና ያወጣችሁትን 112 ሺህ ከጠቅላላው ቀንሱ ብሎን ነበር፣ አልተቀበልንም፣ ከጠቅላላው ከተቀነሰ ከልጁም ድርሻ ይቀነሳል፣ እሱ ጠግኑ አላለንም።

ከዛ ብር ላይ 310 ሺህ ያገለገለ ባጃጅ ገዛንበት፣ የኋላ ወንበሩን አስተካክለን የሚታጠፍ ዊልቸር እንዲይዝ አደረግን። የቀረው ለዊልቸር፣ ለአዋቂ ዳይፐርና ለፍራሽ ዋለ።

የሰራውና ያልሰራው

የሰራው የጉዞ መዝገብ መያዛችን ነው። ሹፌራችን ቀኑን፣ የት እንደሄደና ስንት ሊትር እንደቀዳ በደብተር ይጽፍ ነበር፣ ያ ደብተር ባይኖር ትልቁን ልጅ ማሳመን አይቻልም፣ ኦዲተሩም ሲመጣ የትኛው ጉዞ ለአረጋውያን የትኛው ለቢሮ ጉዳይ እንደሆነ ለመለየት ያው ደብተር ነው ያዳነን። በአዋጅ 1113/2011 የማህበር አስተዳደራዊ ወጪ ከገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም፣ ለቢሮ ጉዳይ የሚነዳ መኪና ነዳጅና ጥገና ደግሞ እዛ ውስጥ ነው የሚቆጠረው። ትንሽ ማህበር ላይ አንድ ቤንዚን የምትጠጣ መኪና ያንን ጣሪያ ቶሎ ታስነካለች።

ያልሰራው ደግሞ ደረሰኙ። መጀመሪያ በሙሉ ብሩ "የሀጂ ቤተሰብ" ብለን አንድ ደረሰኝ ቆረጥን። ትልቁ ልጅ ነጋዴ ነው፣ በገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 ነጋዴ ለእርዳታ ድርጅት የሰጠውን ከሚታክሰው ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ መቀነስ ይችላል፣ ግን ደረሰኙ በስሙ መሆን አለበት። ሰርዘን በየስማቸው እንደየድርሻቸው ቆረጥን።

ትልቁ ልጅ አሁንም የመኪናዋ ወሬ ሲነሳ ፊቱ ይለወጣል። ያንን በደረሰኝ ማስተካከል አልቻልንም።

ለሌሎች ይጠቅማል የምለው

ልትሰጥ ያሰብክ ሰው፣ መጀመሪያ ተቀባዩን ምን ያስፈልግሃል ብለህ ጠይቅ፣ መኪናዋ ለነሱ ስራ የማትሆን ከሆነ አንተው ሸጠህ ብሩን ስጥ፣ አንተ መኪናዋን ስለምታውቃት ከነሱ የተሻለ ዋጋ ታወጣለህ። ቆማ ከሆነ በወር አንዴ አስነሳት፣ አሮጌ ቤንዚን ታንኳ ውስጥ አታቆይ። ወላጆቻችሁ በሕይወት ካሉና ሀሳቡ የነሱ ከሆነ ዛሬውኑ በወረቀት ይጨርሱት፣ ነገ ልጆቻቸው ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ከሚንከራተቱ። ከወራሾቹ ውስጥ ሕጻን ካለ ድርሻው ተለይቶ ሳይወጣ ምንም አትስጡ፣ ልጁ ራሱ እሺ ቢልም።

ማህበር ከሆናችሁ ደግሞ ሊብሬው፣ ቦሎው፣ ኢንሹራንሱና የባለቤቱ ፊርማ ሳይሟላ ቁልፍ አትቀበሉ። ሰውን ማስቀየም ይመስላል፣ በተለይ በረመዳን ወይ በጾም የመጣን ሰው እስቲ ወረቀት አሳየኝ ማለት ያሳፍራል፣ ግን ሰጪውን ራሱን ከነገ ችግር ማዳን ነው። በዓመት ስንት ታስወጣናለች የሚለውን ከመቀበላችሁ በፊት በቁጥር አስቀምጡ፣ ከዛም ሁለት አረጋውያን ይዛችሁ ሂዱና መኪናዋ ውስጥ አስገቧቸው፣ አስወጧቸው።

ባለፈው አንድ የኮምቦልቻ ሰው ሚኒባስ ልስጣችሁ ብሎ ደወለ። እትዬ አመስግናው ሊብሬው በማን ስም ነው ብላ ጠየቀችው። በወንድሜ አላት። ወንድምህን ይዘህ ና አለችው፣ ማክሰኞ ሁለቱም መጡ፣ እናታችንም ደረጃውን ለመሞከር ሚኒባሱ ላይ ወጡ።